በአምስት ኔጋቲቭ የተሠራ ወንዝ ዳር

ሹራቤን እንደለበስኩ ነው አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር የወረድኩት። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ያለ ሹራብ መንገድ መውጣት ራቁት እንደመውጣት ነው። ሻንጣዬን የተቀበለኝ ተሸካሚ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እህቴ፣ ለሽያጭ ነው ያመጣሽው?» አለኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መምህር የሚሠራበትን አገር የሚያውቀው የምደባ ደብዳቤው እጁ ሲገባ ነበር። የእኔ ደብዳቤ ጂኦግራፊ እንዳስተምር አዋሽ ላከኝ። ስለ ቆላ የአየር ንብረት መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ በላብ ተማርኩት።

በሳምንቱ ቀበሌው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አምጪ አለኝ። በከተማው የማውቀው ፎቶ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በሻይ ቤትና በሱቅ መሀል የተሰነቀረ ጠባብ ቤት። ባለቤቱ ከወሎ የመጡ፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ሽርጥ የሚያገለድሙ ቀጭን ሰው ነበሩ። ከተማው በሙሉ ጋሼ ይላቸው ስለነበር እኔም ጋሼ አልኳቸው። በርጩማ ላይ አስቀምጠው አገጬን ቀና፣ ትከሻዬን ዝቅ አደረጉና፣ «ተቆጥተሻል፣ መምህር። መታወቂያው ላይ ስትቆጪ ልትኖሪ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ያ መታወቂያ ዛሬም አለኝ፣ ዛሬም ተቆጥቼ እታያለሁ።

ልወጣ ስል ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ትልቅ ፎቶ ያዘኝ። አንዲት ቀንደ ረጅም የበረሃ ሳላ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቆማለች። ከኋላዋ የዘንባባ ጫካ፣ ከዘንባባው ኋላ ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብለው ከመሬት የወጡና ጫፋቸው የሚተን ድንጋዮች ይታያሉ። በላያቸው ደመናው ተከምሯል።

«ይሄ የት ነው?» አልኳቸው።

«የቱን ነው የምትጠይቂኝ? ሳላዋን ነው፣ ዘንባባውን ነው፣ ውሃውን ነው?»

«ቦታውን ነዋ!»

ሳቁና ይዘረዝሩልኝ ጀመር። ሳላዋ ከዚያው ከአዋሽ ሜዳ ናት። ዘንባባው ከፍል ውሃው ነው። ድንጋዮቹ ከአፋምቦ ወዲያ ካለው ሐይቅ ዳር የተነሱ ናቸው። ውሃው አዳይቱ አካባቢ ወንዙ ሞልቶ ሜዳ ላይ ሲተኛ ያገኙት ነው። ሰማዩ ደግሞ የሰመራ ነው። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ደሜ ፈላ። አፋምቦና አዋሽን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለእኔ ካርታ መቅደድ ነው። «ታዲያ ውሸት ነዋ» አልኳቸው።

«ወላሂ አንዱም ውሸት የለበትም» አሉኝ ረጋ ብለው። «ሁሉንም በዓይኔ አይቼ ነው ያነሳሁት። አብረው እንዲቆሙ ማድረግ ብቻ ነው የእኔ ሥራ።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

የማስተምረው ጠዋት ጠዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ በአዋሽ ሰው የሚያደርገው ነገር ጥላ ፈልጎ መተኛት ነው፤ እኔ ደግሞ ቀን ተኝቼ አላውቅም። ጋሼ ፎቶ ሲታተም ብርሃን የሚጋረድበት ካርቶን ሰጡኝና የዘንባባ ጫፍ ቆርጬ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል ስለምሞክር እያንዳንዱን ቅጠል በመቀስ ለይቼ ቆረጥኩላቸው። ሙገሳ ስጠብቅ ካርቶኑን ወደ ብርሃን ያዙና፣ «በጣም ጎበዝ ነሽ። ግን በመቀስ የተቆረጠ ዛፍ አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ሌላ ካርቶን አንስተው በጣታቸው ጫፉን ቀደዱት፣ ፈተጉት፣ እንደ ጥጥ አበጠሩት። ወረቀቱ ላይ ብርሃን ሲለቀቅ ያ የተበጠረ ጠርዝ በትንሹ እየተንቀጠቀጠ ሲያዝ፣ ዛፉ የት እንዳለቀና ሰማዩ የት እንደጀመረ ሰው አይለየውም። ይህን ሳይ ንዴቴ በረደ፤ እጅ መንሳት ምን እንደሆነ ገባኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፖል፣ አንድ ባዶ ወረቀት የፎቶ ማጉያው መሣሪያ ሥር ይዘረጋል። መጀመሪያ የሰማዩ ኔጋቲቭ ይገባና ብርሃን ይለቀቃል፤ የታችኛው ግማሽ በካርቶን ተሸፍኗል። ከዚያ የሩቁ ዳርቻ፣ ከዚያ ውሃው፣ ከዚያ ዛፉ፣ በመጨረሻ እንስሳው። በየተራው ሌላ ሌላው እየተሸፈነ አንዱ ብቻ ብርሃን ይጠግባል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ኬሚካሉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንደመጣበት ነጭ ነው። ጋሼ ግን የቱ የት እንዳረፈ በልባቸው ያውቁታል፤ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው የሌለውን ዛፍ በካርቶን ሲጋርዱት አይቻለሁ። «ቢስሚላህ» ብለው የኬሚካሉ ሳህን ውስጥ ሲከቱት ሰማዩም ውሃውም ባንዴ ብቅ ይላል። ስንት ጊዜ አየሁት፣ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ጠላታችን ሙቀቱ ነበር። ፊልም ላይ ያለው ሽፋን ኬሚካሉ ሲሞቅበት እንደ ገንፎ ልቅለቅ ይልና ይላጣል። ከጣቢያው ሆቴል በረዶ እየለመንን፣ ሳህኑን በእርጥብ ጆንያ እየከበብን ነበር የምንሠራው። ፊልምና ወረቀት የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሲገኝ ነው። የቤቱ እንጀራ የቀበሌ መታወቂያና ከጥጥ እርሻው የሚመጡ ሠራተኞች ለዘመድ የሚልኩት ፎቶ ነበር። ከደጋ የመጣ ለቃሚ ሁሉ አረንጓዴ ነገር ከኋላው ካልቆመ ፎቶ አይነሳም። ጋሼም አንዱን ከወንዝ፣ ሌላውን ከዘንባባ ጋር ያቆሙታል።

የተፈጥሮ ኔጋቲቮቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። በየፖስታው ላይ «ሰማይ»፣ «ውሃ»፣ «ዛፍ»፣ «ድንጋይ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ቆርቆሮ ሙሉ አገር ነበራቸው። ከሰማዩ ሁሉ የሚበልጠው የሰመራው ነው። ዛሬ ሰመራ ሕንፃና አስፋልት ያለው ከተማ ነው፤ ያኔ ከሎግያ ወጣ ሲሉ የሚዘረጋ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። ጋሼ ከአሰብ መኪና ጋር ወደ ሰርዶ ሲሄዱ እዚያ ሜዳ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር የሚነሳ ነገር ቢያጡ ካሜራቸውን ወደ ላይ አዞሩ። «ምድሩ ባዶ ሲሆን ሰማዩ ሥራ ይይዛል» አሉኝ። ያን ደመና ስንት ሰው ራስ ላይ እንደዘረጋነው ቆጥሬ አልጨርስም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስተማሩኝ፤ ጥላ። ዛፉ ከጠዋት ፎቶ፣ እንስሳው ከማታ ፎቶ ቢመጣ ጥላቸው ወዲያና ወዲህ ይወድቃል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቀውም አንድ ነገር ይቀፈዋል። ስለዚህ ምንም ከመነካቱ በፊት ጥላ ይታያል። ነገሩ በሽታ ሆኖብኝ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪዎቼን ትቼ መሬት ላይ የተኛ ጥላቸውን ማሰለፍ ጀመርኩ። ርዕሰ መምህሩ አንገቴን የደፋሁት በአክብሮት መስሏቸው አመሰገኑኝ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ ገቡ። ዱላቸውን በትከሻና ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ሰቅለውበታል። ፎቶ ሊነሱ መስሎኝ በርጩማውን ሳብኩላቸው፤ አላዩኝም። የሳላዋ ፎቶ ፊት ቆሙ። ከዳር እስከ ዳር አዩትና በቀስታ፣ በአጭር በአጭሩ በሚወጣ አማርኛ ተናገሩ።

«ይህ ውሃ የእኛ ነው፣ አዳይቱ። ሳላ ግን ሲሞላ እዚያ አይገባም። አንተ ነህ ያስገባኸው።»

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። በዚያ ፎቶ ፊት ስንት ሰው ቆሞ «የት ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ መኮንን፣ የእርሻ ኢንጂነር፣ እኔ የጂኦግራፊዋ መምህር ጭምር። የተገጣጠመ መሆኑን ብቻውን ያወቀ ሰው ሲያገኙ ይኸው የመጀመሪያቸው ነው። ወንበራቸውን ለቀቁላቸውና ሻይ አስመጡ።

ሽማግሌው የመጡበትን ጉዳይ ያኔ ተናገሩ። አዳይቱ አጠገብ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ዳርቻ ላይ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው በየበጋው ግመል ይዘው የሚወርዱበት ቦታ ነበራቸው። ባለቤታቸው ልጆቻቸውን ሁሉ የወለዱት እዚያ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። የመንግሥት እርሻ መጣና ዳርቻው ተመነጠረ፣ ዛፉ ወደቀ፣ ጥጥ ተዘራበት። ሴትየዋ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ራቅ ካለው ሰፈር አይወጡም ነበርና ነገሩን የነገሯቸው ባላቸው ናቸው። ሦስት ዓመት ሆኖታል። አሁን አንደኛው ዓይን በሞራ ተዘግቷል፤ ሁለተኛውም እየተከተለው ነው። ክሊኒኩ አዲስ አበባ ይሂዱ ቢላቸው ከማላውቀው ሰው መሀል አልሞትም ብለዋል።

«አንድ ነገር ብቻ ትለኛለች» አሉ ሽማግሌው። «ሳይዘጋ ያን ዳርቻ አንዴ ልየው ትላለች። ዳርቻው የለም። አንተ ግን የሌለ ነገር ትሠራለህ።»

ጋሼ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ቸኮልኩ፤ «እንሠራለን፣ አባ» አልኩ። ጋሼ ዞረው አዩኝ፣ አልተቆጡም።

ሽማግሌው ከቤቱ ደጃፍ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብለው በዱላቸው ጫፍ ዳርቻውን ሣሉልን። ወንዙ እዚህ ይታጠፋል። ማዶው ነጭ ገደል ነው። ዛፉ ወደ ውሃው ያዘነበለ ነው፤ ቀጥ ያለ ዛፍ ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥቂት ያዘነበለውን ሳሳያቸው አሁንም ነቀነቁ። ግመሎቹ የሚጠጡት ከዛፉ በታች ነው። የምንጠቀምባቸው ግመሎች የራሳቸው እንዲሆኑ አጥብቀው ጠየቁ። በተማሪ ደብተር ላይ ሁሉንም ገለበጥኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ካርታዎች እጅግ የተጠነቀቅሁለት ያ ነው።

ከቆርቆሮው ሰማዩን አገኘን፣ ያው የሰመራው ነው። ለነጭ ገደሉ ወንዙን ተከትለን ከከተማው በታች ወረድን። ድልድዩ አካባቢ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለነበር ዘቡ እስኪታዘበን ድረስ ጀርባችንን ለድልድዩ ሰጥተን ነበር የምንንቀሳቀሰው። ያዘነበለ ዛፍ ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ጠፋ። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው አንዱን ዛፍ ቀጥ ብሎ ሳለ ካሜራቸውን አጋድመው አነሱትና አዘነበሉት። ውሃው ነበረን። የቀሩት ግመሎቹ ነበሩ። ሌሊት ተነስተን በጭነት መኪና አዳይቱ ሄድን፤ ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ጠበቁን። መኪናው እኩለ ቀን ላይ ስለሚመለስ ግመሎቹን በጠዋት ፀሐይ አንስተን ተመለስን።

ጨለማው ክፍል ውስጥ ኔጋቲቮቹን ስንደረድር ችግሩ ታየን። የዛፉም የገደሉም የውሃውም ብርሃን ከግራ ነው፤ ግመሎቹ ግን በቀኝ የወጣች የጠዋት ፀሐይ ይዘው መጥተዋል። ጥላቸው በተቃራኒው ተጋድሟል። ጋሼ ጺማቸውን አሻሹ። እኔ ፊልሙን አነሳሁና ገልብጬ አስገባሁት። ጀርባው ፊት ሲሆን ወደ ግራ ያዩ የነበሩ ግመሎች ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ጥላቸውም አብሮ ዞረና ከዛፉ ጥላ ጋር ተሰለፈ።

ጋሼ የሠራሁትን አዩና፣ «ማሻአላህ፣ መምህር» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወረቀቱ ታጥቦ ሲወጣ ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ውሃው ዛፉን ያንጸባርቅ ነበር ብዬ ብምል ማንም አይጠራጠርም። እስከዚያ ቀን ከሠራነው ሁሉ የሚስተካከለው የለም ብዬ አሰብኩ፤ ቤቴ የገባሁት በኩራት ተነፍቼ ነው።

ሽማግሌው በቀጠሯቸው መጡ። ጋሼ በመጀመሪያ የጠየቋቸው የባለቤታቸውን ዓይን ነው።

«ግልገሎቹ ሲመጡ ነጩን ከጥቁሩ ትለያለች» አሉ። «ባለፈው ወር የማን ግልገል እንደሆነ ትለይ ነበር።»

ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዛፉን ሲያዩ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ማዶውን ገደል ተከትለው በጣታቸው ሄዱ፤ የወንዙ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። ከዚያ ጣታቸው ግመሎቹ ላይ ደረሰና ቆመ። ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ይዘውት ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የእርስዎ ናቸው፣ አባ። አብረን አይደል ያነሳናቸው?» አልኩ።

«የእኔ ግመል የእሳት ምልክቷ ግራ ጉንጯ ላይ ነው። በቀኝ ጉንጩ የተተኮሰ ግመል የሌላ ጎሳ ነው። ከዚያ ውሃ አይጠጣም። ከጠጣ ሰው ይሞታል።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ዓይኗ ሳይዘጋ በመጨረሻ የማሳያት የእኛን ውሃ እነሱ ሲጠጡት ነው?»

ጥላው እንዲሰለፍ ስገለብጠው ጉንጩም አብሮ እንደተገለበጠ ያኔ ገባኝ። ሁለት ሰዎች አንድ ወር ሙሉ ጥላ ጥላ ስንል የግመል ፊት አላየንም። ጥፋቴን ማመን ግን ለእኔ ከባድ ነው፤ እስከ ዛሬም ከባድ ነው። ምልክቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበርና አንድ የማፍርበት ነገር ተናገርኩ።

«እሳቸው እኮ በዚያ ዓይናቸው ይህን ምልክት አያዩትም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ ባይባቸው ይሻለኝ ነበር። «እኔ አያለሁ» አሉኝ።

ጋሼ ፎቶውን አነሱና ለሁለት ቀደዱት። የዘንባባ ጫፍ በካርቶን ሲያስመስሉ የማውቃቸው ጣቶች የአንድ ወር ሥራ ባንዴ ሲቀድዱ ልቤ አብሮ ተቀደደ። ከዚያ ለሽማግሌው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና እንሠራዋለን፣ ኢንሻላህ» አሉ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን አላነሱም። በዚያች ሰዓት እኚህን ሰው እንደ አባቴ ወደድኳቸው፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሌላውን ሁሉ ገልብጦ ግመሎቹን መተው አይቻልም፤ እንዲያ ካደረግን ወንዙ ወደ ደጋ ይፈሳል፣ ዛፉም ወዲያ ማዶ ያዘነብላል። መድኃኒቱ አንድ ነው። እነዚያኑ ግመሎች፣ ከዚያው ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞር ማንሳት። ለዚህ የሚያስፈልገው ፊልም ደግሞ አልነበረም። የቀረችው አንዲት ጥቅል ናት፤ እሷም ለቀበሌው የመታወቂያ ሥራ የተቀመጠች። ጋሼ ከመሳቢያው አወጧትና ሽርጣቸው ውስጥ ቋጠሯት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ምን ይላሉ ብላቸው፣ «የእሳቸው ፊት አይጠፋም፣ ሁልጊዜ አለ» አሉኝ።

ቶሎ ግን አልሆነም። ግመሎቹ ሣር ተከትለው ርቀው ሄደው ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ አጣሁ። ሽማግሌው በየገበያው በጭነት መኪና እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ የሚነግሩን ሁልጊዜ የዓይኑን ነገር ነው። አንድ ሳምንት ግልገልና ልጅ ትለያለች አሉ። በሌላው፣ ፊት ለፊት ጠፍቶባታል፣ ወደ ጎን ነው የምታየው አሉ። እሳቸው ሲወጡ እኔ የምይዘው ይጠፋኝና ካርቶን እበጥር ነበር።

ግመሎቹ እንደተመለሱ ሰማንና ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ይህን ጊዜ መኪናው ጥሎን እንዲሄድ ነገርነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል ጠበቅን። ሽማግሌው የጥላን ነገር አንዴ ብቻ ነግረናቸው ከእኛ በላይ ባለሙያ ሆኑ። ዱላቸውን መሬት ተክለው ጥላው ደብተሬ ላይ ወዳለው መስመር እስኪደርስ ይጠባበቁ ጀመር፤ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። ጋሼ በዚያ ትኩስ አሸዋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዲት ፊልም ሳያባክኑ አነሱ። ግመሎቹ ወደ ግራ ይመለከቱ ነበር፤ ምልክቱ ግራ ጉንጫቸው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የመጨረሻው ፎቶ ሲሠራ ጋሼ አልነኩትም። «አንቺ ሥሪው» አሉኝና እርጥቡን ጆንያ ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ሰማይ፣ ገደል፣ ውሃ፣ ዛፍ፣ ግመል። ኔጋቲቩን ከማስገባቴ በፊት የግመሏን ጉንጭ በጣቴ ደጋግሜ አየሁ። ኬሚካሉ ውስጥ ሲወጣ ከመጀመሪያው ይበልጥ እንደሚያምር ሁለታችንም አወቅን፤ የማታዋ ፀሐይ የግመሎቹን ጀርባ ዳር ዳሩን አብርታው ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ እስኪመጡ አልጠበቅንም፤ በጥቁር ወረቀት ጠቅልለን ራሳችን አዳይቱ ወሰድንላቸው። ከመንገዱ እስከ ሰፈሩ ስንሄድ ጋሼ ሽማግሌውን ጠየቋቸው።

«ፎቶው የተገጣጠመ መሆኑን ነግረዋቸዋል?»

«አልነገርኳትም። አሁን እነግራታለሁ።»

ባለቤታቸው ከሰሌኑ ቤት ደጅ፣ ጥላው ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ድምፃቸው ግን ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ሽማግሌው ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ፊት ለፊት አልያዙትም። ዶሮ ጥሬ ስታይ አንገቷን እንደምታዘነብለው ራሳቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ ወረቀቱን ጉንጫቸው ጋ አስጠግተው፣ በዚያች በቀረችው የዓይናቸው ጥግ ቀስ ብለው አሳለፉት። ወረቀቱ ጣት በጣት ሲሄድ የቱ ጋ እንደደረሱ እከታተል ነበር። ሰማዩን አለፉ። ገደሉ ላይ ቆዩ። ዛፉ ላይ እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱ። ግመሎቹ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ተናገሩና ሽማግሌው ሳቁ።

«የፊተኛዋን እናት አውቃታለሁ አለች» ብለው ተረጎሙልን።

ጋሼ ቀስ ብለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። አይተዋል። ዓይናቸው ሳይዘጋ ደርሰናል።

ከዚያ ሴትየዋ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ባላቸው ዞሩና ረጅም ነገር ይናገሩ ጀመር። ድምፃቸው ከፍ አለ። አንዴ በመዳፋቸው ፎቶውን መቱት፣ አንዴ ጣታቸውን ወደ ሽማግሌው ቀሰሩ። ለእኛ ማንም አልተረጎመልንም። ሽማግሌው ቁጢጥ እንዳሉ መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙ። ሲጨርሱላቸው በአንድ ቃል ብቻ መለሱ። ሴትየዋ ያን ቃል ሰምተው ፎቶውን በሽርጣቸው ጠቀለሉና ፊታቸው በራ።

ወደ መንገድ ሲሸኙን ጋሼ መጠየቅ ፈርተው ነበር፤ እኔ ነኝ የጠየቅሁት። «ምን አሉ፣ አባ? ያጠፋነው ነገር አለ?»

«የለም» አሉ። ትንሽ ሄድን። «ሦስት ዓመት ዛፉ ተቆርጧል፣ ዳርቻው ተመንጥሯል ስትለኝ ነበር አለች። ይኸው ቆሞ አይደለም ወይ? አንተ ውሸታም ነህ፣ ሦስት ዓመት ከዚያ ዳርቻ ያስቀረኸኝ አንተ ነህ አለችኝ።»

ጋሼ መንገዱ ላይ ቆሙ። «እርስዎስ ምን አሏቸው?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ።

«ዋሽቻለሁ አልኳት።»